ሞሪንጋ፦ የጓሮው ዛፍ እንዴት «ተአምር» ሆነ?

«300 በሽታ ይፈውሳል!»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያላየ የቴሌግራም ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ከሥሯ የአረንጓዴ ዱቄት ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና «ያሉበት ድረስ እናመጣለን» የሚል ቃል አለ። ትንሽ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ታሪክ ይመጣል፦ ፈርዖኖች ዘይቱን ይቀቡት ነበር፤ የታላቁን እስክንድር ጦር ከህንድ ያባረሩት ወታደሮች ቅጠሉን ይመገቡ ነበር፤ ወዘተ።

የበሽታውን ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ላንሳ፤ ምክንያቱም ዱቄቱን የሚሸጠው ታሪኩ ነው። ደግሞም ውሸቱ የተዋሸበት አቅጣጫ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለዛፉ ንጉሥና ወታደር ተፈልጎለታል። እውነተኛ ታሪኩን የሠሩት ግን ድስት የጣዱ ሴቶች፣ አጥር ያጠሩ ገበሬዎችና የመንደር መድኃኒት አዋቂዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከታሪኩ ሲወጡ ቅጠሉ ምግብ መሆኑ ይቀርና «ተአምር» ይሆናል። ተአምር ደግሞ በውድ ይሸጣል።

(ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እስክንድርን ባጭሩ እንገላገለው። የሚነዛው ወሬ «የማውርያ ወታደሮች ሞሪንጋ እየበሉ እስክንድርን አሸነፉት» የሚል ነው። እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 በፑንጃብ፣ ሃይዳስፐስ በተባለው ወንዝ ዳር ከንጉሥ ፖሩስ ጋር ተዋጋ፤ ድሉም የእስክንድር ነበር። ከዚያ ወዲያ የተመለሰው የገዛ ወታደሮቹ «ከዚህ በላይ አንሄድም» ብለው ስላመፁበት ነው። በ323 ባቢሎን ውስጥ ሞተ። የማውርያን መንግሥት የመሠረተው ቻንድራጉፕታ ዙፋን ላይ የወጣው በ321 ገደማ ነው። እንግዲህ አሸነፈው የተባለው ጦር፣ እስክንድር ህንድ ውስጥ በነበረበት ጊዜ የማውርያ መንግሥት ጦር ሆኖ ገና አልተፈጠረም። ቅጠል በላም አልበላም ለውጥ የለውም።

የፈርዖኖቹ ወሬ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ጥንታዊ ግብፃውያን ከሞሪንጋ ዘር የተጨመቀ ዘይት ይጠቀሙ ነበር። ዛፉ ግን ዛሬ በዱቄት የሚሸጥልን የህንዱ ሞሪንጋ ሳይሆን፣ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝና በዓረብ በረሃ የሚበቅለው ዘመዱ ነው። አጎትህ ኳስ ተጫዋች ነበር ማለት አንተ ጎል ታገባለህ ማለት አይደለም።

ታዲያ የዛፉ ታሪክ የት ነው ያለው? ህንድ ነው።

ሞሪንጋ ኦሌይፌራ የሚባለው ዛፍ የትውልድ ቦታው በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ የሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው። ትልቅ ዛፍ አይደለም። እንጨቱ ልፍስፍስ ነው፤ ቤት አይሠራበትም፣ ጥሩ ማገዶም አይሆንም፤ ቅርንጫፉ ላይ የወጣ ልጅ ከነቅርንጫፉ ይወርዳል። ግን ቅርንጫፉን ቆርጠህ አጥር ላይ ብትተክለው ይጸድቃል። ቅጠሉ ይበላል፤ ነጣ ያለው አበባው ይበላል፤ እንደ ዱላ የተንጠለጠለው ረጅም ፍሬው ይበላል። ለእንጨት የማይረባ፣ ለድስት የማይጠገብ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ ነጋዴ አያሳድገውም፤ ወጥ የሚሠራ ሰው ነው የሚያሳድገው።

በሳንስክሪት ስሙ «ሺግሩ» ነው። የጥንቶቹ የህንድ ሕክምና መጻሕፍት፣ እነ ቻራካና ሱሽሩታ፣ ይጠቅሱታል። ሻጮቹ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ «ይኸው የ2,000 ዓመት መድኃኒት!» ይላሉ። ስለ ማኑ ሕግ ግን ሲያነሱ አልሰማሁም። የማኑ ሕግ ዓለምን ትቶ ጫካ የገባ ባሕታዊ ምን እንዳይበላ ሲዘረዝር ማር፣ ሥጋ፣ እንጉዳይ ካለ በኋላ ሺግሩንም ይጨምራል። እኔ ይህችን ክልከላ ከመድኃኒት መጻሕፍቱ እኩል እወዳታለሁ። ሰው የማይበላውን ነገር ማን ይከለክላል? በፍስክ ምግብ ዝርዝር ውስጥ የገባ ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚበላው ነገር ነው። ከማርና ከሥጋ ጎን መቆሙም ቅጠሉ እንደ ዓለም ጣዕም ይቆጠር እንደነበር ይጠቁማል።

ወደ ደቡብ ህንድ ስንወርድ ዛፉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ጓሮ ይገባል። ታሚሎች ዛፉን «ሙሩንጋይ»፣ የኬረላ ሰዎች «ሙሪንጋ» ይሉታል። ዓለም ዛሬ የሚጠራው ስም የተወሰደው ከዚህ ነው። ረጅሙ ፍሬ ተቆራርጦ ሳምባር በሚባለው የምስር ወጥ ውስጥ ይገባል። አበላሉ ልምድ ይፈልጋል፤ ቁራጩን በጥርስ ይዘው ለስላሳውን ውስጡን ይመጡና ገለባውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ። የእኛ ሰው ሸንኮራ እንደሚበላው ማለት ነው። ቅጠሉ ከምስርና ከኮኮናት ጋር ይሠራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የቅቤው ነው። የታሚል ሴቶች ቅቤ ሲያነጥሩ ሊወጣ ሲል እፍኝ የሙሩንጋይ ቅጠል ጣል ያደርጉበታል። ኮሰረት ጨምራ ቅቤ ያነጠረች እናት ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

ቤንጋሎች ደግሞ የሚጠብቁት አበባውን ነው፤ ክረምታቸው ወጥቶ ሙቀቱ ሊገባ ሲል ገበያው በነጭ አበባ ይሞላል፤ በዘይት ጠብሰው ይበሉታል። ኬረላ ውስጥ በተቃራኒው የማይበላበት ወር አለ። «ካርኪዳካም» በሚባለው የዝናብ ወር የሙሪንጋ ቅጠል አይነካም፤ ይመርዛል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ ልክ ይሁን አይሁን ክርክር ውስጥ አልገባም። ማየት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ዛፉን ለዘመናት ያወቁት ሰዎች «ሁልጊዜ፣ ለሁሉም፣ በማንኛውም መጠን» ብለው አያውቁም። መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደማይበላ፣ ማን እንደሚበላ ደንብ ነበራቸው። ደንብ የሌለው ማስታወቂያ ላይ ነው።

ደግሞ እንደ ቅዱስ ዛፍም አያዩትም። በታሚል ተረት ዛፉ ላይ የሚኖረው «ቬዳላም» የሚባል አጋንንት ነው። ንጉሡ ቪክራማዲትያ አውርዶ በትከሻው ይሸከመዋል፤ ያመልጠውና ተመልሶ ዛፉ ላይ ይወጣል። እስከ ዛሬ ወደ ክፉ ልማዱ የተመለሰን ሰው ታሚሎች «ቬዳላሙ እንደገና ሙሩንጋይ ዛፍ ላይ ወጣ» ይሉታል። ሲኒማውም አልተወውም፦ በ1983 ባግያራጅ የሚባለው የታሚል ዳይሬክተርና ተዋናይ ባወጣው «ሙንዳናይ ሙዲቹ» በተባለው ፊልም የተነሳ፣ ፍሬው ለባልና ሚስት ጉዳይ «ይረዳል» የሚለው የሰፈር ቀልድ አገር አቀፍ ቀልድ ሆነ። ዛሬም ፍሬውን በፌስታል ይዞ የሚሄድ ሙሽራ ሳይሳቅበት አያልፍም። ለአንድ ዛፍ ከዚህ የበለጠ ክብር ምን አለ? ይበሉታል፣ ይፈሩታል፣ ይቀልዱበታል። የቤት ነው።

አሁን አውሮፓውያኑ ይመጣሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ነው።

በ1670ዎቹ የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የማላባርን ጠረፍ (የዛሬውን ኬረላ) ከኮቺን ይቆጣጠር ነበር። አዛዡ ሄንድሪክ ቫን ሬዴ ይባላል። የኩባንያው ወታደርና መርከበኛ ሲታመም መድኃኒቱ በመርከብ ተጭኖ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ወራት ፈጅቶ፣ ብዙ ጊዜም ተበላሽቶ። ቫን ሬዴ ዙሪያውን ሲያይ በየጓሮው መድኃኒት አለ። እናም የአገሬውን ዕፅዋት በሙሉ የሚመዘግብ መጽሐፍ አስጀመረ። «ሆርቱስ ማላባሪኩስ»፣ የማላባር የአትክልት ስፍራ ማለት ነው፤ ከ1678 እስከ 1693 አምስተርዳም ውስጥ በ12 ቅጽ ታተመ። ከ700 በላይ ዕፅዋት በሥዕል አሉበት።

ዕውቀቱ የማን ነው? መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ኢቲ አቹደን የሚባል መድኃኒት አዋቂ ነበር፤ ወገኑ ኤዛቫ ነው። ኤዛቫዎች በዚያ ዘመን የኬረላ ሥርዓት ከላይኞቹ ቤተ መቅደስ የማይገቡ፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሰዎች ነበሩ፤ በመድኃኒት አዋቂነታቸው ግን የተከበሩ። ኢቲ አቹደን በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የጽሑፍ ዕውቀት ይዞ ቀረበ። ስለ ዕፅዋቱ በማላያላም ተናገረ፤ አማኑኤል ካርኔሮ የተባለ አስተርጓሚ ወደ ፖርቹጋልኛ መለሰው፤ ከዚያም ወደ ላቲን ተሻገረ። ራንጋ ባት፣ ቪናያካ ፓንዲትና አፑ ባት የተባሉ ሦስት የኮንካኒ ብራህማን ሐኪሞችም ሠርተውበታል። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ የአቹደን ምስክርነት በገዛ ፊደሉ ታትሟል፤ ቀኑም 1675 ነው። በዚያ ዘመን አንድ የአውሮፓ መጽሐፍ ለአገሬው አዋቂ ይህን ያህል ቦታ መስጠቱ ብርቅ ነው፤ ለቫን ሬዴ ይህን አልነፍገውም።

የእኛ ዛፍ ስድስተኛው ቅጽ ውስጥ ተሥሏል፤ «ሙሪንጉ» በሚል የአገሬው ስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ስዊድናዊው ሊኔየስ፣ ማላባርን ሳይረግጥ፣ ይህን መጽሐፍ እያገላበጠ በ1753 ለዛፉ ሳይንሳዊ ስም ሰጠ፦ «ጊላንዲና ሞሪንጋ»። በ1785 ፈረንሳዊው ላማርክ ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም አወጣ፦ «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ»። ሁለተኛው ቃል በላቲን «ዘይት የሚሰጥ» ማለት ነው። ስሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ከማላባር ጓሮ የመጣ ነው፣ ግማሹ ከአውሮፓ ገበያ። ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ከሚበሉ ሕዝቦች መካከል ወጥቶ ዘይት በሚል ተመዘገበ። ኢቲ አቹደን የሚለው ስም ደግሞ መጀመሪያው ቅጽ ላይ ቀረ።

የዘይቱ ነገር ሐሰት አይደለም። ከዘሩ የሚጨመቀው «ቤን ዘይት» ቶሎ አይሻግትም፤ ሽቶ ሠሪዎች ጠረን ስለሚይዝላቸው፣ ሰዓት ሠሪዎች ደግሞ ጥቃቅን ጥርሶችን ለማለስለስ ይፈልጉት ነበር። በ1817 ደግሞ፣ ገና የባርነት ምድር በነበረችው ጃማይካ፣ ይኸው ዘይት ለሰላጣም ለመብራትም ይሆናል የሚል አቤቱታ ለደሴቲቱ ምክር ቤት ቀርቧል። ህንድ የነበሩት እንግሊዞች በበኩላቸው ሥሩን አገኙ፤ ሥሩ ሲፋቅ አገራቸው የለመዱትን እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥል ሥር ስለሚመስል ከሥጋ ጋር በሉት፤ ዛፉንም በዚያ ስም ጠሩት። (ሥሩን አትሞክሩ፤ በተለይ ልጡ መርዛማ ነገር አለው።) እያንዳንዱ መጪ ከዛፉ አንድ ነገር ይዞ ሄደ፦ ዘይት፣ ሥር፣ ጥላ። ቅጠሉን ይዞ የሄደ የለም። ቅጠል የድሃ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ጎመን በጤና» የምንለው ጎመንን ለማመስገን ነው እንዴ? «ሥጋው ይቅርብኝ፣ ጤናው አይለየኝ» ማለታችን ነው፤ ጎመን የችግር ምግብ ነው በሚለው ግን ተስማምተናል።

ጥላ ያልኩት ሱዳንን አስቤ ነው። የህንዱ ሞሪንጋ ወደ ሱዳን የገባው በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ለጌጥ ሲሆን በመንገድ ዳርና በግቢ ነው የተተከለው። ዓባይ ዳር የሚኖሩ ሴቶች ግን ከዛፉ ሌላ ነገር አወጡ። ወንዙ ሲሞላ የደፈረሰውን ውኃ የዛፉን ዘር ወቅጠው ያጠሩበት ጀመር፤ ዛፉንም «ሻጀረት አል ራዋቅ» አሉት፣ የሚያጠራው ዛፍ። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ይህን ሲያጠኑ አንድ የሚገርም ነገር ጻፉ፦ ህንድ ውስጥ ውኃ ለማጥራት የሚታወቀው ኒርማሊ የሚባል ሌላ ዛፍ ነው። የሱዳን ሴቶች የሞሪንጋን ጥቅም ከህንድ አልተማሩትም፤ ራሳቸው ደረሱበት ማለት ነው። የሥራው ምስጢር ዛሬ ይታወቃል። ዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ ውኃውን ያደፈረሰው ሸክላ አሉታዊ ነው፤ ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ። ጀርሙም አብሮ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም፤ ውኃውም ከዘሩ የተረፈ ነገር ስለሚኖርበት ብዙ ቢያድር ይበላሻል። ሴቶቹ ኬሚስትሪውን አያውቁት ይሆናል፤ ዘሩን መቼና ምን ያህል መጨመር እንዳለባቸው ግን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ቅጠሉ መቼ ነው «የተገኘው»? በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሴኔጋል። ሎውል ፉግሊ የሚባል የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ ከአካባቢው ጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ የሞሪንጋ ቅጠል ለተጎዱ ሕፃናትና ለእርጉዞች እንዲደርስ ደከመ፤ ቅጠሉ ምን እንደያዘ የሚያሳይ ሰንጠረዥም አሰራጨ። ድርቅ የማይበግረው፣ ሌላ አትክልት ሲጠፋ ለምለም የሆነ ዛፍ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። የመጽሐፉ ስም ግን «የተአምር ዛፍ» ሆነ። ሰንጠረዡም ከመጽሐፉ ወጥቶ በየፖስተሩ፣ ቆይቶም በየብልቃጡ ላይ ተለጠፈ። ዛሬ «ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም» ሲባል የምትሰሙት ከዚያ የመጣ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንዳለ እንቀበለውና እናስላው። ንጽጽሩ 100 ግራም ዱቄት ከ100 ግራም ወተት ነው። ወተት ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ዱቄቱ ደርቋል። ጎመንም ደርቆ ቢፈጭ ቁጥሩ ያብጣል። ደግሞስ በቀን 100 ግራም የቅጠል ዱቄት ማን ይውጣል? አንድ የሾርባ ማንኪያ 8 ግራም ገደማ ነው። 8 በ17 ሲባዛ 136፤ የ136 ግራም ወተት ካልሲየም መሆኑ ነው፣ ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ ቢበልጥ። ይህ መጥፎ አይደለም! ወተት ለማያገኝ ልጅ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ ማንኪያ ቅጠል ጥሩ ውጤት ነው፤ ለተአምር ግን በጣም ትንሽ ነው።

በዚያው ጊዜ ህንድ ውስጥ ማንም ተአምር ሳይለው ትልቁ ለውጥ ተደርጎ ነበር። በታሚል ናዱ፣ ፔርያኩላም በተባለ ቦታ ያለ የሆርቲካልቸር ኮሌጅ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ «ፒኬኤም 1» የሚባል ዝርያ አወጣ። የድሮው ዛፍ በቅርንጫፍ ይተከላል፣ ፍሬ እስኪሰጥ ያስጠብቃል። አዲሱ በዘር ይዘራል፣ በስድስት ወር አካባቢ ፍሬ ይይዛል፣ ከተለቀመ በኋላ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቁጣል። የአጥር ዛፍ የማሳ ሰብል ሆነ። ሠራተኛው ከተሜ በየገበያው ፍሬውን በርካሽ አገኘው። ለብዙ ሰው ሳምባር ያደረሰው ይህ ሥራ ነው፤ ስለሱ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ እኛ ልምጣ፤ የሩቅ ዛፍ ታሪክ ብቻ አይደለምና።

በዓለም ላይ 13 የሞሪንጋ ዓይነቶች አሉ። ህንድ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ናቸው። ስምንት ያህሉ የሚገኙት በአፍሪካ ቀንድ፣ ማለት በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ነው፤ ከላይ ያነሳሁት የቀይ ባሕሩ ዘመድም ከነሱ ይቆጠራል። ስማቸውን ስታዩ ግን እኛን አታገኙንም። አንዱ «ሩስፖሊያና» ይባላል፤ በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን በገደለው ጣሊያናዊ ልዑል በኤውጄንዮ ሩስፖሊ ስም። ሌላው «ሪቫኤ»፤ አብሮት በነበረው የዕፅዋት ሰብሳቢ ስም።

ሽፈራው የምንለው የኮንሶና የጋሞ ዛፍ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በ1894 እና 95 አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከበርበራ ተነሥቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ሲጓዝ የሰበሰባቸው ዕፅዋት ለንደን ደረሱ። በ1896 ዛፉ «ዶናልድሶኒያ ስቴኖፔታላ» ተባለ። ተክለው፣ ለቅመው፣ ቀቅለው ለትውልድ የኖሩበትን ሰዎች ማን ጠየቀ? በ1957 ኩፎዶንቲስ የሚባል ተመራማሪ ወደ ሞሪንጋ ወገን መለሰው፤ «ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ» ሆነ። እናም ዛሬ የኮንሶ ዛፍ በዓለም መዝገብ የሚጠራው በማላባር ጓሮ ቃል ነው። እውነቱን ለመናገር ከዶናልድሰን ይሻላል።

ስለዚህ ልብ በሉ፦ ሽፈራውና የህንዱ ሞሪንጋ ወንድማማቾች እንጂ አንድ አይደሉም። የእኛው ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው። በጋሞና በወላይታ ሃለኮ ወይም አለኮ ይባላል። ኮንሶዎች በእርከን ማሳቸውና በግቢያቸው ይተክሉታል፤ ያ የእርከን መሬት በ2011 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅጠሉ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል፤ የዘወትር ምግብ ነው። በጋ ሲጠና ሌላው አትክልት ይደርቃል፤ ሽፈራው ይቀራል። የሱዳን ሴቶችን ዕውቀት የመዘገቡት ዶክተር ያን በ1991 አምቢዮ በተባለው መጽሔት ላይ ስለዚሁ የስምጥ ሸለቆ ዛፍ ሲጽፉ የሰጡት ርዕስ ስለ «ባህላዊ ማላመድ» ነበር። የጫካ ዛፍን የጓሮ ዛፍ ማድረግ የትውልዶች የግብርና ሥራ ነው። አክሱምን ስናነሳ «ሥልጣኔ» እንላለን፤ ይህንን ግን «ቅጠል ይበላሉ» ብለን አልፈነዋል።

አሁን ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ «300 በሽታ» ተብሎ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ትናንት የችግር ምግብ ብለን የናቅነውን ዛሬ በፋርማሲ ዋጋ እንገዛዋለን፤ በሁለቱም ጊዜ ወጥ መሆኑን አላየንም።

የበሽታውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የሞሪንጋ ቅጠል በስኳር መጠን ላይ ለውጥ ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በእንስሳት ላይ፣ በሰው ላይ የተሠሩት ጥቂትና አነስተኛ ናቸው። ይህን ይዞ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ማለት ሌላ ነገር ነው። ኢንሱሊን ያቆመ ሰው የሚገባው ሆስፒታል ነው። መድኃኒቱን ሳያቆም ዱቄቱን የጨመረም ቢሆን ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር አለበት። ልጁ የጠወለገበት ቤተሰብም «ተአምሩን» በማንኪያ እየሰጠ እንቁላሉንና ወተቱን ከተወ፣ ከላይ ያሰላነው ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው የቀረለት።

ሽፈራው መብላት ለሚፈልግ ግን መንገዱ ቀላል ነው። የቆላው ሰው ጓሮው ላይ ሊተክለው ይችላል፤ ብርድ እንጂ ድርቅ አያስፈራውም። የደጋው ሰው ዱቄት መግዛት ካለበት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የህንዱ ነው የእኛው? ከየት ተለቀመ? በጥላ ነው የደረቀው በፀሐይ? በፀሐይ ከደረቀ ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ አብዛኛው በኖ ሄዷል። መልስ ካገኘ ገዝቶ ምስር ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምርበት። መልሱ «300 በሽታ» ከሆነ ደግሞ ጎመኑን ይግዛ፤ ጎመንም ካልሲየም አለው።